ከዶሮ ወጡ አጠገብ ማን ይቀመጥ?

በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ አዲስ ዓይነት ፈተና ከተጀመረ ሰነባብቷል። ፈታኙ ጋባዡ ነው፤ ተፈታኞቹ ወዳጆቹ ናቸው፤ ጥያቄው የሚወጣው ከጠርሙስ ነው። ከመሶቡ አጠገብ ሦስት አራት የወይን ጠጅ ይደረደራል፤ ባለ ረጅም እግር ብርጭቆ ይታደላል፤ ከዚያ ጋባዡ ካነበበውም ከውጭ አገር ዘመዱ ከሰማውም እያጣቀሰ ትምህርቱን ይጀምራል። ብርጭቆው የሚያዘው በእግሩ ነው። ይሽከረከራል። ይሸተታል። አፍ ውስጥ ገብቶም ቶሎ አይዋጥም፤ ይጉመጠመጡታል። “እሺ፣ ምን ምን ይላችኋል?” ተብሎ ይጠየቃል። አንዱ የዋህ ፈራ ተባ እያለ “ወይን ወይን” ይላል፤ ይሳቅበታል። መልሱ ለካ “ብላክ ከረንት፣ ትንሽ የትምባሆ ቅጠል፣ መጨረሻ ላይ ቆዳ” ኖሯል። ከተቀመጡት መካከል ብላክ ከረንት የሚባለውን ፍሬ በዓይኑ ያየ አንድም ሰው የለም፤ ጋባዡን ጨምሮ። ሁሉም ግን ራሱን ይነቀንቃል።

ከሽታው ፈተና በኋላ የጋብቻው ሕግ ይነበባል። ቀይ ወይን ለቀይ ሥጋ፣ ነጭ ወይን ለዓሣና ለዶሮ ይላል ሕጉ። ወዲያው ዶሮ ወጡ ይቀርባል። እዚህ ላይ ሕግ አዋቂው ይቸገራል። ዶሮ ነጭ ሥጋ ነውና ነጭ ወይን ይገባዋል፤ ድስቱን ሲያዩት ደግሞ ከቀይም ቀይ ነው። ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ውዱ ጠርሙስ ነው፤ እሱም ዘወትር ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይ ወይን ይሆናል። ይቀዳል፤ ይጎረሳል፤ ይጠጣል። የሁሉም ፊት ይጨማደዳል። “ድንቅ ነው!” ይባላል።

ድንቅ አይደለም። ይህን ማንም ምላስ ያለው ሰው ያውቀዋል። የምከራከረው ወይን ጠጅ ወደ ቤታችን አይግባ ብዬ አይደለም፤ እኔ ራሴ የምወደው መጠጥ ነው። የምከራከረው፣ ሰው ከገዛ ወዳጆቹ ጋር በገዛ ቤቱ ተቀምጦ አፉ የነገረውን ትቶ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እንዲመሰክር መደረጉ ነውር ነው ብዬ ነው። ማዕድ ፊት የሐሰት ምስክርነት ከተለመደ ሌላ ቦታ ለመመስከር ምን ያግደናል?

ለመሆኑ ይህ ሕግ ለየትኛው ማዕድ ወጣ? የወጣው ለፈረንሳይና ለጣሊያን ማዕድ ነው። እዚያ ሥጋው በጨው፣ በቁንዶ በርበሬና በቅቤ ይጠበሳል፤ ወይም በቀስታ ይቀቀላል። የቡርጎኝ ገበሬ የበሬ ሥጋውን የሚቀቅለው በዚያው በአገሩ ቀይ ወይን ነው፤ የቀረውን ከምግቡ ጋር ይጠጣዋል። የባሕር ዳርቻው ሰው ደግሞ ዓሣውን በሰፈሩ በሚጠመቀው ጎምዛዛ ነጭ ወይን ያወራርዳል። ማንም ምሁር ቁጭ ብሎ አላጋባቸውም፤ አንድ አፈር ላይ አብረው አደጉ፤ አንዱ የሌላውን ጠባይ ለመደ። ሕጉን ከነመንፈሱ ብንቀበለው ኖሮ የሚመራን ወደ ጠጅ ጋን ነበር። እኛ ግን መንፈሱን ትተን ፊደሉን ወሰድን።

የሕጉ ባለቤቶች ራሳቸው እንኳ በርበሬ ያለበት ምግብ ሲያጋጥማቸው ፊደሉን አይከተሉም። ለሕንድና ለታይላንድ ምግብ የአውሮፓ የወይን አዋቂዎች የሚመክሩት በአብዛኛው እንደ ሪዝሊንግ ያለውን፣ ጣፋጭነት ያልተለየውንና አልኮሉ ቀለል ያለውን ነጭ ወይን ነው። የእኛ አስተማሪዎች ለዶሮ ወጥ የሚያዙትን ደረቅ ቀይ ወይን፣ አስተማሪዎቻቸው ቢያዩት ይስቁ ነበር።

ምክንያቱም ምሥጢር አይደለም። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ ለዚህ ነው ሚጥሚጣ አፉን የለበለበው ሰው ውሃ ቢጋት የማይበርድለት። አልኮል ደግሞ በራሱ ምላስን ያሞቃል፤ 13 ወይም 14 በመቶ አልኮል ያለው ወይን በርበሬ ላይ ሲጨመር እሳት ላይ እንደመራገብ ነው። ከዚያ ታኒን አለ። ከፍሬው ልጣጭና ፍሬ፣ አንዳንዴም ከተቀመጠበት በርሜል እንጨት የሚመጣ ነው፤ ያልበሰለ ሙዝ የበላ ወይም አለቅጥ የፈላ ሻይ የጠጣ ሰው ያውቀዋል፤ አፍ ይይዛል። የምራቃችንን ፕሮቲን ስለሚጨብጥ ነው አፋችን የሚደርቀው። ስብ ያለበት፣ በርበሬ ያልነካው ጥብስ ላይ ይህ መያዝ ያምራል፤ ስቡን ያጥበዋል። በርበሬ ባቃጠለው አፍ ላይ ግን ማቃጠልና መያዝ ሲገናኙ የወይኑ ፍሬነት ድራሹ ይጠፋል፤ የሚተርፈው ምሬት ነው። በዚያ ላይ እንጀራው አለ። ጎምዛዛ ምግብ ወይንን ያጎድለዋል፤ ብቻውን ሲቀመስ ሕያው የነበረው ወይን ከእንጀራ በኋላ ሙት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከዶሮ ወጥ ጋር የሚቀመጥ መጠጥ አልኮሉ የማይበዛ፣ አፍ የማይዝ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያልተለየው፣ የራሱም ጉምዛዜ ያለው፣ ቀዝቀዝ ያለ መሆን ይኖርበታል። ጣፋጭነቱ ማቃጠሉን ያለዝባል፤ ጉምዛዜው እንጀራውን ይቋቋማል።

አንባቢዬ እዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አልቀረም። ይህ መልክ የጠጅ መልክ ነው። የጌሾው ምሬት ደግሞ ተጨማሪ ነው፤ ቅቤውን ከምላስ ላይ ይጠርጋል። ይህን የምለው ባንዲራ ለብሼ አይደለም። ያገሬ ስለሆነ ብቻ ይጥማል የሚል ሰው፣ የፈረንጅ ስለሆነ ይጥማል ከሚለው የሚለየው በአቅጣጫ ብቻ ነው።

ጠጅ ከሌለስ? የአገር ውስጡን ወይን እንይ። እዚህ ጋ ነው የአስተማሪዎቻችን ትዕቢት ጎልቶ የሚታየው። አክሱሚት ሲነሣ አፍንጫቸውን ይነፋሉ፤ “ጣፋጭ’ኮ ነው፣ ለጀማሪ ነው” ይላሉ፤ ይባስ ብለው “የሴት መጠጥ” የሚሉም አሉ፤ ሴቶቹ የወንዶቹን ያህል የመጥፎ ወይን ፊት መደበቅ አልለመዱ እንደሆነ እንጃ። እኔ ግን እላለሁ፤ ቀዝቀዝ ያለ አክሱሚት ከዶሮ ወጥ ጋር፣ ከአምስት እጥፍ ዋጋው ደረቅ ቀይ የተሻለ ጠባይ ያሳያል። አካሺያ የሚባለውም እንዲሁ ለስለስ ያለ ነው። እሱ የሚጠመቅበት ዝዋይ ያለው የወይን እርሻ የመጀመሪያ ምርቱን ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ደረቁ ጉደር፣ ስሙን ከአምቦ ማዶ ካለው አገር የወሰደው፣ የራሱ ቦታ አለው፤ አዋዜ ያልነካው ጥብስ ወይም ጮማ ያለበት ቁርጥ ይስጡት፣ ከማንም አያንስም። ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎ ላይ ግን ያው እንደ ወንድሞቹ ይሸነፋል። የዓሣ ጥብስ በሎሚ ከሆነ አዋሽ ክሪስታል፤ አልጫም ያስማማዋል። ይህ ሕግ አይደለም፤ የአንድ ሰው ምላስ ነው። የእናንተ ሌላ ከነገራችሁ የእናንተን እመኑ።

“እኛ ማን ነንና ከአዋቂዎች ጋር እንከራከራለን” የሚል አይጠፋም። እስቲ አዋቂዎቹን እንያቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የቦርዶ ጥናት አለ። 54 የወይን ሥነ ጥበብ ተማሪዎች በመጀመሪያ አንድ ነጭና አንድ ቀይ ወይን ቀርቦላቸው ሽታቸውን በቃላት ጻፉ። በሌላ ቀን ያው ነጭ ወይን በሁለት ብርጭቆ ቀረበ፤ አንደኛው ግን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ነበር። ተማሪዎቹ ለቀላው ነጭ ወይን የሰጡት ቃላት የቀይ ወይን ቃላት ናቸው። ያሸተተው ዓይናቸው ነበር ማለት ነው። በካሊፎርኒያ ደግሞ አንድ ወይን ሠሪ የስታቲስቲክስ ምሁር፣ በአንድ ትልቅ የወይን ውድድር ላይ ለዳኞች ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ወይን ሳያውቁ ሦስት ጊዜ እየደጋገመ አቀረበላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ውጤት፣ በፍርዳቸው ጸንተው የተገኙት ከአሥሩ አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 ፓሪስ ላይ የተደረገውማ የታወቀ ነው፤ ጠርሙሱ ሲሸፈን የፈረንሳይ ዳኞች በቀዩም በነጩም ለካሊፎርኒያ ወይን አንደኝነትን ሰጡ። ይህ ሁሉ ወይን ማወቅ ከንቱ ነው አያሰኝም። ወይን የሚጠምቀውና የሚያርመው ሰው ዕውቀት እውነተኛ ዕውቀት ነው። ግን ጠርሙስ እያየ የሚናገር ምላስ የማንም ይሁን የማን፣ ጠርሙሱን ነው የሚናገረው።

ወደዚያ ብላክ ከረንት ልመለስ፤ አልለቀቀኝም። የወይን ቃላት ከሰማይ አልወረዱም። የአውሮፓ ሰው ወይኑን በልጅነቱ በቀመሰው ፍሬ፣ በእናቱ ጓዳ ሽታ ነው የገለጸው፤ ደግ አደረገ። እኛስ ጓዳ አልነበረንም? ጥቁር ፍሬ ከተፈለገ አጋም አለ፤ እጅና ምላስ እያቀላ የበላነው። ሾላ አለ። ቀጋ አለ። እንጆሪ አለ። የራሰ ዘቢብ አለ፣ ኮረሪማ አለ፣ ጤና አዳም አለ፤ በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ሽታን የማያውቅ ማን ነው? አፍ የሚይዝ፣ ቆምጠጥ ያለ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ጉሮሮ የሚከረክም፣ እርሾ እርሾ የሚል፣ ጭስ ጭስ የሚል፤ ቃል አላጣንም። አንድ ወዳጄ በቀደም ስለ አንድ ቀይ ወይን “አጋም የቋጠርንበትን የነጠላ ጫፍ ይመስላል” ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ወይን ስቀምስ ሌላ ነገር አይታየኝም። ብላክ ከረንት ቢለኝ ምን አይ ነበር?

ሌላም ወገን አለ፣ እሱንም አልፈው አልሄድም። ወይን ጠጅ የባዕድ ነው፤ ያበሻ ማዕድ አይገባውም የሚል። ታሪኩን አያውቀውም። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት ግድም የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከብ መንገድ ገለጻ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ጥቂት የሶርያና የጣሊያን ወይን መኖሩን ይዘረዝራል። አክሱም የወይን ጠርሙስ ለማየት አዲስ አበባን አልጠበቀችም። ቤተ ክርስቲያናችን ለቅዱስ ቁርባን ዘቢብ ዘፍዝፋ ትጨምቃለች፤ ወይን ከእምነታችን እምብርት ያለ ነገር ነው። ቋንቋችን ደግሞ ነገሩን ከሁላችን ቀድሞ ፈርዶታል። ሌላው ዓለም የእኛን መጠጥ “የማር ወይን” ይለዋል፤ አማርኛ ግን የእነሱን “የወይን ጠጅ” አለው። መለኪያው ጠጅ ነበር፤ የወይኑ መጠጥ በጠጅ ተመዘነና ስም ተሰጠው። አሁን መለኪያው ተገልብጦ ጠጁን በወይኑ መዝነን እናፍርበታለን።

ማፈራችንን በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት የተጋበዝኩበት አንድ ቤት ሳሎኑ ውስጥ ስድስት ዓይነት ወይን ተሰልፎ ነበር። የጋባዡ እናት ከአገር ቤት ያመጡትን ማር በቤታቸው ጥለው፣ ወር ያህል አቆይተው ያወጡት ጠጅ ግን ኩሽና ውስጥ በጀሪካን ተቀምጦ ለዘበኛውና ለሾፌሮቹ ይቀዳ ነበር። ውሃ ፍለጋ ገብቼ አየሁት፤ ቀመስኩትም። ደረቅ፣ ከማሩ ሽታው ብቻ የቀረ፣ ጌሾው ልኩን ያወቀ ጠጅ ነበር። የዚያን ምሽት በዚያ ግቢ ምርጡን መጠጥ የጠጡት ሾፌሮቹ ናቸው፤ አልቀናሁባቸውም፣ አብሬያቸው ቆየሁ እንጂ።

የጠጅ ችግርም ከዚህ ይጀምራል፤ ለእኔ የክርክሩ እምብርት ይኸው ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከማሯም ብዙው የሚሄደው ወደ ጠጅ ነው። ንጹሕ የማር ጠጅ ግን ርካሽ መጠጥ አይደለም። ማሩን ለመግዛትና ጊዜውን ለመጠበቅ ገንዘብ ያለው ሰው ፊቱን ወደ ጠርሙስ ባዞረ ቁጥር፣ ጠጁ የሚቀረው ለመክፈል አቅም ላነሰው ደንበኛ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ስኳር ይመጣል፤ ከስኳሩ ጋር ብጫ ቀለም ይመጣል። ከዚያ ያው ባለገንዘብ አንድ ቀን ጠጅ ቤት ጎራ ብሎ የስኳሩን ቀምሶ በማግስቱ ራሱን ሲያመው፣ “አላልኳችሁም? ጠጅ’ኮ አይረባም” ይላል። እንዳይረባ ያደረገው የእሱ መሸሽ መሆኑን ማን ይንገረው! የቡርጎኝን ወይን ያቆመው የቡርጎኝ አፈር ብቻ አይደለም፤ ልዩነቱን አውቆ ለልዩነቱ የሚከፍል ጠጪ ነው። የትግራይ ነጭ ማር ከከፋ ጫካ ማር፣ ሁለቱም ከአደይ አበባ ማር ምን ያህል እንደሚለያዩ እናውቃለን፤ ማሩን እንጀራ ላይ ቀብተን ስንበላ እንለየዋለን። የሦስቱ ጠጅ በሦስት ብርጭቆ ተቀድቶ ሲቀመስ ግን ስንቶቻችን አይተናል?

በዚህ ነጥብ ላይ ለጠጅ ወዳጆችም አንድ ነገር ልበል። ስኳር ውሃ ይዘው “ባህላችን” እያሉ የሚምሉ አሉ፤ እነሱም ከጋባዡ አይሻሉም። ጎምዝዞ ያለፈበትን ጠጅ “ጠንካራ ነው” ብሎ ማመስገን ይሉኝታ ነው፤ ጠጅ ጣይዋን አያስተምራትም። የድሮው አሳላፊ እንኳ ለጌታው ከመቅዳቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ አገራችንን የጎበኙ ተጓዦች ጽፈውታል። ነገሩ መርዝ እንዳይኖር ነበር፤ ቢሆንም ሳይቀመስ የማይቀርብበት ወግ ነበረን። ዛሬ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ጠርሙስ ከፍቶ ጥቂት ቀድቶ ሲጠብቀን የምንደነግጥበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ቤታችሁ ወዳጅ ልትጠሩ ነው እንበል። ቅምሻው ይቅር አልልም፤ እንዲያውም ደስ የሚል ጨዋታ ነው፣ ከተጫወቱት። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሉና ቁጥር ጻፉባቸው። ጠጁንም በዚያው ዓይነት ብርጭቆ ቅዱና ቁጥር ስጡት። ብርሌን እወደዋለሁ፣ ግን አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አያስገባም፤ ለቅምሻ ብርጭቆ ይሻላል። መልኩ ያስታውቃል የምትሉ ከሆነ መብራቱን ቀነስ አድርጉት። ዋጋ አይነሣ። ነጩን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጥቂት አቆዩት፤ በጣም የቀዘቀዘ ነገር ሽታውን ይቆልፋል። ቀዩ “በክፍል ሙቀት” ይሁን የሚባለው ክፍሉ ቀዝቃዛ ለሆነ ለጥንቱ የአውሮፓ የድንጋይ ቤት ነው፤ ወጥ ሲንተከተክ ከዋለበት ምድጃ አጠገብ ያለው ክፍል አልታሰበበትም።

መጀመሪያ ሁሉንም በባዶ አፍ ቅመሱ፤ በርበሬ ከገባ በኋላ ፍርድ የለም። ከዚያ ከአልጫው ጋር፣ ከጥብሱ ጋር፣ በመጨረሻ ከዶሮ ወጡ ጋር። በየመካከሉ አይብ ይቀመስ፤ በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞት ስለሚሄድ ከውሃ ይልቅ አፍ ያሳርፋል። እጅ በቅቤ ስለሚርስ ያ የተከበረ ባለ እግር ብርጭቆ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ የጣት አሻራ መዝገብ ይሆናል፤ ግራ እጃችሁን ተጠቀሙ፣ ወይም ተዉት፣ ይታጠባል። ሁሉም የወደደውን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ይጻፍ፤ ጽፎ እስኪጨርስ አይነጋገር።

አንድ ነገር ብቻ ከወጋችን እንድታፈነግጡ እለምናለሁ። ታላቅ ቀድሞ ይናገር የሚለውን ለዚህ ምሽት ተዉት። ጋሼ “ሁለት ቁጥር ነው” ካሉ ከእሳቸው በታች ያለው ሁሉ ሁለት ቁጥር ይላል፤ ጋባዡ “ሦስት ቁጥርን ከፓሪስ ነው ያመጣሁት” ብሎ ካመለጠው ደግሞ ሦስት ቁጥር አንደኛ ይወጣል። ከትንሹ ይጀመር፤ ጋሼና ጋባዡ መጨረሻ ላይ ይናገሩ። ጋዜጣው የሚቀደደው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠጁ ከተሸነፈ ተሸነፈ በሉ፤ ጎምዝዞ ከሆነ ጎምዝዟል፣ ስኳር ከሆነ ስኳር ነው በሉ። ካሸነፈም የጣለችው ሴት ከኩሽና ትጠራ፤ ብርጭቆ ይዛ ትቀመጥና ማሩ ከየት እንደመጣ፣ ጌሾው ስንት ቀን ውስጡ እንደቆየ፣ ጋኑ በምን እንደታጠነ እሷ ትንገራችሁ።